የነዳጅ ማደያ ወኪልነትና የመሬት ሊዝ ጉዳይ

የነዳጅ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። ጨርቅ ወይም ቡና የሚሸጥ ነጋዴ ሱቁ ያልተመቸው እንደ ሆነ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ሱቅ ሊዛወር ይችላል። የነዳጅ ማደያ ግን ታንከሩ ከምድር በታች የተቀበረ፣ ፓምፑም በሲሚንቶ ላይ የተተከለ ስለ ሆነ፣ መሬቱን ያጣ ሰው ንግዱንም አብሮ ያጣል። ስለዚህ የማደያ ወኪል ለመሆን የሚያስብ ሰው ስለ ነዳጁ ከማሰቡ አስቀድሞ ስለ መሬቱ አጥብቆ ሊያስብ ይገባዋል።

ይህ ጉዳይ በተለይ የቆሰበርን ነጋዴዎች የሚመለከት ነው። ዛሬ እንጅባራ በሚል ስም የምትጠራው ይህች የአዊ ዞን ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ከመሆኗም በላይ፣ በቻግኒ በኩል ወደ መተከልና ወደ ጉባ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የህዳሴ ግድብ የሚጓዙ መኪናዎች ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ወደ ዳንግላ የሚያልፈው አውቶቡስ፣ ድንችና ከሰል የጫነው የጭነት መኪና፣ በከተማው ውስጥ የሚመላለሰው ባጃጅ ሁሉ ነዳጅ ይፈልጋል። በማደያ ያላገኘ እንደ ሆነም፣ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጠው ሰው በውድ ዋጋ መግዛቱ አይቀርም። ገዢ ባለበት ቦታ ሻጭ ለመሆን የሚመኝ ነጋዴ መኖሩ ደግሞ የማያስገርም ነው።

ይሁን እንጂ ምኞትና ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የከተማ ቦታ የግል ሀብት ስለ ነበረ፣ ማደያ ለማቆም የፈለገ ሰው ከባለ ቦታው ይገዛ ወይም ይከራይ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑንም ደነገገ። የከተማ ቦታን በሊዝ የመያዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 80 ተጀምሮ፣ በ1994 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 272፣ ቀጥሎም በ2004 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 721 ተተካ።

ይህ የ2004 ዓ.ም. ዐዋጅ ለነጋዴው ያስተማረው ብዙ ነው። ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሆን ወሰነ፤ ምደባው ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለሕዝብ አገልግሎትና ልዩ አገራዊ ጥቅም ላላቸው ሥራዎች የታሰበ በመሆኑ፣ ለንግድ ቦታ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ጨረታው ሆነ። የንግድ ቦታ የሊዝ ዘመን በአዲስ አበባ 60 ዓመት፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት ሆነ። ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከመቶ 10 እንዳያንስ፣ ቀሪው በየዓመቱ ከነወለዱ እንዲከፈል፣ ግንባታውም በተወሰነው ጊዜ ውስጥ እንዲጀመር ታዘዘ። ይህን ያልፈጸመ ሰው ቦታውን ይለቃል። በሊዝ የተያዘው መብት ለባንክ መያዣ ሊሆን የሚችለውም በተከፈለው ገንዘብ መጠን ብቻ እንዲሆን ተደረገ።

አሁን ችግሩ ወዳለበት እንመለስ ቢባል፣ ችግሩ ያለው በሁለት በሮች መካከል ነው። አንደኛው በር የነዳጅ ኩባንያው ነው። ኩባንያው በራሱ ይዞታ ላይ ማደያ ሠርቶ ወኪል የሚያስገባበት ጊዜ አለ፤ ወይም ነጋዴው በራሱ ይዞታ ላይ ማደያ አቁሞ የኩባንያውን ስምና ነዳጅ ይቀበላል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚመጣ አመልካች፣ አውራ ጎዳና ዳር የሆነ፣ ቦቴ ገብቶ ሊዞርበት የሚችል፣ ከክርክር ነጻ የሆነ ቦታ እንዲኖረው ይፈለጋል። ሁለተኛው በር ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እርሱ ደግሞ ቦታውን የሚሰጠው ጨረታ ላሸነፈ ሰው ነው። እንግዲህ ነጋዴው ኩባንያው እንደሚቀበለው ሳያውቅ ለመሬት ይጫረታል፤ ወይም መሬት ሳይኖረው በኩባንያው ደጅ ይጠናል።

ከዚህ የከበደ ሌላ ነገርም አለ። በጨረታ ለቦታ የሚቀርበው ዋጋ ልክ የለውም። የነዳጅ መሸጫ ዋጋና የማደያው ትርፍ ግን በመንግሥት የሚወሰን ነው። ሆቴል የሚሠራ ሰው ለቦታው ብዙ ቢከፍል የአልጋውን ዋጋ ጨምሮ ሊያካክስ ይችላል፤ ባለ ማደያ ግን በአንድ ሊትር ላይ አንዲት ሳንቲም ሊጨምር አይፈቀድለትም። በአንድ ጨረታ ላይ ባለ ሆቴሉና ባለ ማደያው እኩል ሲወዳደሩ፣ ወይ ባለ ማደያው ይሸነፋል፣ ወይም ከዐቅሙ በላይ ሰጥቶ ያሸንፋል። ያሸነፈ እንደ ሆነም ዕዳውን የሚከፍልበት ሕጋዊ ትርፍ ስለሚያጣ፣ ልኩን ለማጉደል ወይም ሌሊት በጀሪካን ለመሸጥ ይፈተናል። የዚህም ጉዳት የሚያርፈው በመላው ነጋዴና በተጠቃሚው ሕዝብ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ሕግን መናቅ ወይም ጨረታን ማስቀረት አይደለም። ቦታ ለጨረታ የሚወጣው በከተማው ፕላን መሠረት ለታወቀ አገልግሎት ስለ ሆነ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በፕላኑ ላይ ለነዳጅ ማደያ የሚሆኑትን ቦታዎች ለይቶ፣ በእነዚያ ላይ የነዳጅ ነጋዴዎች ብቻ እንዲወዳደሩ ቢያደርግ፣ የሚቀርበው ዋጋ ከነዳጅ ትርፍ ጋር የተመጣጠነ ይሆናል። ዝናብ በሚበዛበትና የምንጭ ውሃ በሚዘወተርበት በዚያ አገር፣ የነዳጅ ታንከር ከመኖሪያ ቤትና ከውሃ መቅጃ ርቆ የሚቀበርበትን ቦታ አስቀድሞ መለየት ለጤናም ይበጃል። ይህ ለጥቂት ሰዎች ማድላት ነው፣ የከተማውንም ገቢ ይቀንሳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጨረታው ለሁሉም የነዳጅ ነጋዴ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ አድልዎ የለበትም። ገቢውም ቢሆን፣ ተጋንኖ ከቀረበና ሳይከፈል ከሚቀር ዋጋ ይልቅ በየዓመቱ በትክክል የሚከፈለው መጠነኛ ዋጋ ለከተማው ይሻላል።

ከኩባንያዎቹም የሚፈለግ ነገር አለ። አመልካቹ ተገቢውን ቦታ በዚህ ያህል ጊዜ ውስጥ ቢያገኝ ውል እንዋዋላለን የሚል የጽሑፍ ቃል ቢሰጡት፣ ነጋዴው በጨረታ የሚገባው በጨለማ አይሆንም። ባንኩም ያንን ጽሑፍ አይቶ የብድሩን ጥያቄ በተሻለ ሁኔታ ሊመረምር ይችላል።

የነጋዴው ተግባር ደግሞ ጥንቃቄ ነው። በከተማው ዳር የገበሬ እርሻ በስውር ውል ገዛሁ የሚል ሰው ምንም አልገዛም፤ ሕገ መንግሥቱ የከለከለውን ሽያጭ ምስክርና ፊርማ አያጸናውምና። ነባር ይዞታ የሚከራይ ሰውም የኪራዩ ዘመን ከወኪልነቱ ዘመን እንዳያንስ ያረጋግጥ። በ2004 ዓ.ም. ዐዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ መደንገጉንም አይዘንጋ። ሕግ ስለሚሻሻል፣ ዛሬ የሚሠራበትን ደንብና የሊዝ መነሻ ዋጋውን ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ለአንድ ሰው የሚከብደው ወጪም ለአምስት ወይም ለስድስት ሰዎች የሚቻል ነውና፣ በንግድ ሕጉ መሠረት ማኅበር አቋቁሞ በአንድ ስም መጫረት ከመጠላለፍ ይሻላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ይህ ምሳሌ ለነዳጅ ነጋዴ ከማንም ይልቅ የተስማማ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን፣ ኩባንያው ቃሉን፣ ነጋዴው ሒሳቡን አስቀድመው ቢያዘጋጁ፣ በቆሰበር መስቀለኛ መንገድ የሚቆመው መኪና ነዳጁን በትክክለኛ ዋጋና በትክክለኛ ልክ ቀድቶ መንገዱን ይቀጥላል።