ለፎገራ ሰው ስንት ነጥብ?

ልጆቻችሁ ከጓደኞቻቸው ጋር ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፣ አንዱ ተረት እያወራ ሌሎቹ በየተራ ዳይስ ሲወረውሩ ብታገኟቸው ቁማር ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ገንዘብ የለበትም። ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ያወጡት ነው። አጫዋቹ የአንድ ምናባዊ አገር ታሪክ ያወራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ፈጥረው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። በሩን ልስበር ያለ ዳይስ ይወረውራል፣ የገጸ ባሕሪው የጉልበት ነጥብ በወጣው ቁጥር ላይ ይደመራል፣ በሩም ይሰበራል ወይም አይሰበርም። በእኛ የማታ ተረት ላይ ሒሳብ የተጨመረበት ነው ብትሉት ብዙ አትሳሳቱም።

ይህን ያስተማረኝ አዲስ አበባ ያለው የእህቴ የልጅ ልጅ ነው። 17 ዓመቱ ነው፤ በዚህ ክረምት ለጓደኞቹ አጫዋች ሆኗል። ቤተሰቡ በሙሉ «ሲስተር» ስለሚለኝ እሱ «እማማ ሲስተር» ይለኛል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ በጨዋታው መጽሐፍ ውስጥ ጆሯቸው የሾለ የደን ፍጡራን፣ ድንጋይ የሚፈለፍሉ ድንክዬዎችና ሌሎችም በየዓይነቱ አሉ፤ ሰው ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ተራራ ላይ የተወለደውም ሐይቅ ዳር ያደገውም ያው «ሰው» ተብሎ ይጻፋል። እሱ ደግሞ ዓለሙን ከእኛው አገር መሬት ቀድቶ መሥራት ፈለገ። ደገኛ፣ የሜዳ ሰው፣ የሐይቅ ሰው፣ ጠይብ፣ ነጋዴ እያለ ዘረዘረ፤ ተጫዋቾቹ ከእነዚህ አንዱን መርጠው ገጸ ባሕሪያቸውን ሊሠሩ ነው። ለሜዳው ሰው ፎገራን አሰበና ረቂቁን በቴሌግራም ላከልኝ።

የሜዳው ሰው ጉልበት ሁለት ተጨምሮለታል፣ ማስተዋል አንድ ተቀንሶበታል፣ «ወባ አይዘውም» የሚል ልዩ ችሎታም ተሰጥቶታል። ደገኛው ጽናት ተጨምሮለት «ግትር» ተብሏል። ጠይቡ ብረት ይሠራል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይሆናል።

ወረታ ቁጭ ብዬ ማስተዋሌ አንድ እንደተቀነሰ ሳነብ ሳቅሁ። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ እንደ ድሮው የበሽተኛ ካርድ መስመር በመስመር ማየት ጀመርኩ።

ከወባው ተነሣሁ። ፎገራ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ወባ እዚህ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ሰውነት የሚለምድበት ጊዜ ስለማያገኝ ትልቅ ሰውም እንደ ሕፃኑ ይወድቃል። ወባ በማይጠፋበት ቆላ፣ ለምሳሌ ጋምቤላ፣ ያደገ ሰው ደጋግሞ በመታመም ከፊል መከላከያ ያዳብራል። እሱም ቢሆን ወደ ደጋ ወጥቶ ጥቂት ዓመታት ከኖረ ይሳሳበታል። እንግዲህ ይህ የወገን ስጦታ ሳይሆን የቦታ ነገር ነው ማለት ነው። «ታዲያ ገጸ ባሕሪው አገሩን ለቅቆ ሲቆይ ችሎታውን ላጥፋበት?» አለኝ። አጥፋበት አልኩት። ደስ አለው፤ ሕግ መጨመር ይወዳል።

ደገኛውን በከፊል አጸደቅሁለት። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆኖ ተገኘ፤ የደማቸው ኦክሲጅንም 95 በመቶ አካባቢ ነበር። ዝቅ ባለ ቦታ የሚኖር ጤነኛ ሰው ውጤት ነው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ግን በተመሳሳይ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፣ ደማቸው ይወፍራል። ስለዚህ «ቀጭን አየር አያደክመውም» ቢል የሰውነት ጉዳይ ነውና ይጻፍ። «ግትር» የሚለው ግን በየትኛው ላቦራቶሪ ተመረመረ?

እንዲህ ጥብቅ የምለው አለምክንያት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በእኛው በፎገራ ሰዎች ትኩሳታቸው አልወርድ እያለ፣ ጣፊያቸው እያበጠ፣ እየመነመኑ ይሞቱ ነበር። የዚህ አገር ትኩሳት ወባ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መሰለ። ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ለጉልበት ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው የተመለሱ ወጣቶች ሳያመጡት እንዳልቀረ ተገመተ። «የዚህ አገር ሰው በሽታው ይኸ ነው» ተብሎ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ስንት ሳምንት እንዳባከነ፣ በዚያ ሳምንት ውስጥም ምን እንደሆነ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ጅቡ ልምጣ።

ልጁ ይህን ሲጽፍ ክፋት አልነበረበትም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ቡዳ የሚባለውን ከተረት ጋር ቀላቅሎ ነው የሰማው። «ከሁሉም የሚያምረው ችሎታ እሱ ነው፤ ሁሉም ጠይብ ልሁን ነው የሚሉት» አለኝ። በጨዋታ ዓይን እውነቱን ነው፤ ጅብ መሆን ሽልማት ነው። እዚህ ግን በቀጥቃጭና በሸክላ ሠሪ ግንባር ላይ የተለጠፈ ስም ነው። በጎንደር ምድር ቤተ እስራኤሎች ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ሲኖሩ ይህንኑ ስም ተሸክመው ነበር የኖሩት። ማረሻው ከእነሱ፣ ምጣዱ ከእነሱ፣ ሐሜቱ በእነሱ ላይ።

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ ያየሁትን ነገርኩት። በወረፋው አግዳሚ ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ የታመመች ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አግዳሚው አራት ሰው ይይዛል። ሌሎቹ እናቶች ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ አንዷ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፍናለች፣ እንዳታይባት። ሴትየዋ የለመደች ናት፣ ምንም አላለችም። ወደ ጫፍ ተጠግታ ቦታ አሰፋች፤ ማንም አልተቀመጠም። ልጅቱ ሳንባ ምች ነበረባት፤ ትንፋሿ ደረቷን እየሰረጎደ ነው። ይህን ያህል ለምን አቆየሻት ስላት፣ ሰው የማይበዛበትን ቀን ስትጠብቅ ነው የቆየችው። ልጅቱ በመርፌ ዳነችልን።

በስልኩ ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ግን እማማ፣ ጅቡን ካወጣሁበት ጠይቡ ባዶ ነው የሚቀረው» አለኝ።

ጥሩ አድርጎ ተናገረው። ስለ ሰዎቹ የሚያውቀው ሐሜታቸውን ብቻ ስለነበር ሐሜቱ ሲወጣ ወረቀቱ ነጭ ሆነ። የጨዋታው ባለቤቶችም በዚሁ ተቸግረው ኖረዋል አሉ። በድሮዎቹ እትሞች ኦርክ የሚባሉት ፍጡራን ገና ከጅምሩ «ክፉ» ተብለው የተመዘገቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ የትውልድ ነጥቦችን ተጫዋቹ እንደፈለገ እንዲያዛውር ፈቀደ። በ2024ቱ እትም «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ቀርቶ «ዝርያ» ሆነ፤ የጉልበቱና የማስተዋሉ ጭማሪም ከትውልድ ወጥቶ ገጸ ባሕሪው ካደገበት ኑሮ ጋር ተያያዘ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌቭል አፕ የሚባል ተቀራራቢ ጨዋታ ደግሞ ትውልድን በአንድ ገጽ፣ ባህልን በሌላ ገጽ ለይቶ አስቀምጧል፤ ሰው ሆኖ ተወልዶ በድንክዬዎች ባህል ማደግ ይቻላል። ይህኛው ለእኔ ከሁሉም የተሻለ መስሎኛል። ማደጎ ልጅ ያሳደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

እንግዲህ ነጩ ወረቀት በምን ይሞላ? በነርስ ልማድ ጥያቄ ሰጠሁት። እነዚህ ሰዎች ክረምት ሲገባ ምን ያደርጋሉ? ምን ይበላሉ፣ ከማንስ ተማሩት? ጎረቤት ለጎረቤት የሚጣሉት በምን ነው?

ለፎገራ አብረን ሞላነው። ርብና ጉማራ በክረምት ከአፋቸው ወጥተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ እንደሆነው ቤትም ከብትም ይዘው የሚሄዱበት ዓመት አለ፤ ያው ውኃ ግን ደለሉን ትቶ ይሄዳል። ከብቱም የሜዳው ልጅ ነው፤ ረግረግ ላይ ይግጣል፣ በወተቱ ይታወቃል። ልጁ ሩዙን «የጥንት አባቶች እህል» ብሎ ጽፎት ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ ሩዝ የሚዘራ አልነበረም! ሜዳው ላይ የዱር ሩዝ በቅሎ ታየና በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ገብተው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዛሬ እንጀራው ሩዝ፣ ጠላው ሩዝ፣ አረቄው ሩዝ፣ ገለባው የከብት መኖ ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ወረታ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የምድጃው ነገር ተለወጠ ማለት ነው። ከረቂቁ «ማስተዋል ሲቀነስ አንድ» ተሰርዞ «የማያውቀውን እህል ይሞክራል» የሚል ችሎታ ገባ። ጉልበቱንም ወሰደብን፤ እሱ ይቅር።

ባህል የሚሠራ ነገር መሆኑን ካልተቀበልክ ከከተማችን ወደ ደብረ ታቦር ስትሄድ አውራ አምባን ተመልከት አልኩት። እዚሁ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ነው። አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ይፈትላል፤ አቅም ያጣ አረጋዊን ማኅበረሰቡ ይጦራል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አልሠሩም። ጎረቤቱ ለረጅም ጊዜ በክፉ ዓይን አያቸው፤ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ቀያቸውን ጥለው ወደ ደቡብ ተሰደው፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው የተመለሱት። ዛሬ በሽመናቸው ይታወቃሉ፤ ሊጎበኛቸው የሚመጣውም ብዙ ነው። ልጁ «እንዳሉ ልውሰዳቸው?» አለኝ። ሰዎቹ በሕይወት ያሉ ናቸው፣ እንግዳም ይቀበላሉ፤ መጥተህ ራሳቸውን ጠይቅ አልኩት። ለመስቀል እመጣለሁ ብሏል፤ እናቱ ከፈቀደች።

ጅቡን ምን እንዳደረገው ልንገራችሁ። ከጠይቡ ገጽ አንሥቶ በጎረቤቶቹ ገጽ ላይ አስቀመጠው። «ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብለው ያምናሉ» ይላል፤ ከዚህ የተነሣ ማረሻ ሲሰበርባቸው ራሳቸው ሄደው መደራደር አይችሉም፣ ሰው መላክ አለባቸው፣ ዋጋውም ይጨምርባቸዋል። እናቱ ነገሩ ጨርሶ ቢወጣ ትመርጥ ነበር። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ፤ ሐሜቱ አገር ውስጥ እስካለ ድረስ ቢያንስ በባለቤቱ ስም ይመዝገብ።

ከተጫዋቾቹ አንዷ ሸክላ ሠሪ መሆንን መረጠችና ጥያቄ ላከችብኝ፤ ሸክላው እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ምን ይደረጋል? በገበያ ቀን ጀበና የምገዛትን ሴት ጠየቅኋት። አፈሩን ከሁለት ቦታ አምጥታ ትቀላቅላለች፤ የተሰበረ ሸክላም ወቅጣ ትጨምርበታለች። ለምን እንደጠየቅኋት ስነግራት እጇን ከጭቃው አወጣች።

«ልጅቱ ራሷ ናት ሸክላ ሠሪ ልሁን ያለችው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ሌላም መምረጥ ትችል ነበር?»

ትችል ነበር አልኳት።