ካቴናው እንደ ክራር ጅማት አይወጠር

በዋግ ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ የሚሄድ ሞተረኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለች ከተማ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። ኮሮኮንቹ መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ከኋላው አንድ ሰው ይፈናጠጣል፤ ከሰውየው ጀርባ ደግሞ ኬሻ ወይም የክትባት ሳጥን ይታሰራል። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው፣ ያን ሁሉ ሸክም ዳገት የሚያስወጣው ካቴናው ነው።

ካቴና የሚታወሰው ሲወልቅ ነው። ያን ጊዜም ብዙ ሞተረኛ ሁለተኛ እንዳይወልቅበት ብሎ እንደ ክራር ጅማት ይወጥረዋል። ሲወጥረው የተጠነቀቀ ይመስለዋል። እንደ ዋግ ባለ ሸክም በሚበዛበትና ጉድጓድ በማይጠፋበት አገር ግን ይህ ካቴናውን አላልቶ ከመተው የማይተናነስ ጥፋት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የኋላው ሹካ ወደ ላይ ይነሣል። የፊት ጥርሱ፣ ሹካው የሚታጠፍበት ፔርኖ እና የጎማው ፔርኖ በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ከምንጊዜውም ይሰፋል። ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ሳለ ወጥሮ የታሰረ ካቴና፣ ሁለት ሰውና አንድ ኬሻ ሲጫንበት የሚላላበት ትርፍ አያገኝም። ጉተታው በካምቢዮው መውጫ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ካቴና መንገድ ዳር ይቀየራል፤ የካምቢዮ ኩሽኔታ ለመቀየር ግን ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት።

የላላውስ? እሱ ከጥርሱ ላይ ዘሎ ይወልቃል፤ ሲከፋም በፊት ጥርሱ ዙሪያ ተጠምጥሞ የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል ወይም የኋላ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይቆልፋል። ይህ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያመጣ ለዋግ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? በከተማ የሚሽከረከሩ ትናንሽ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መላላት ይፈቀድላቸዋል። ለገጠር መንገድ ተብለው የተሠሩት፣ ሹካቸው ብዙ የሚወርድና የሚወጣው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋሉ። የእያንዳንዱ ሞተር ትክክለኛ ቁጥር በፋብሪካው መመሪያ ላይ ተጽፏል። የሚለካው ከታች በኩል፣ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ላይ ካቴናውን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች እየገፉ በማስመሪያ ነው። ካቴና እኩል ስለማያልቅ ጎማውን እያዞሩ ከሁሉ የጠበቀውን ቦታ መፈለግና እዚያ ላይ መለካት ይገባል። ይህን የሚዘነጉት ብዙ ናቸው፤ በላላው ቦታ ለክተው ያጠብቃሉ፣ በሌላኛው በኩል ካቴናው ይወጠራል።

ከዚያ የፔርኖው ዳዶ ይላላል፣ በግራና በቀኝ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች በእኩል ይዞራሉ፣ በሹካው ላይ ያሉት ምልክቶች በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ መዋላቸው ይታያል። በአንድ በኩል ካመለጠ ጎማው ይጣመማል፣ ጥርሱም በጎኑ ይበላል። ዳዶው በደንብ ከጠበቀ በኋላ የኋላ ፍሬን ይሞከር፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ የፍሬኑ ልክም ይቀየራልና።

ስለ ዘይት አንድ ነገር መባል አለበት። የተቃጠለ ዘይት ካቴና ላይ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ከመንገዱ አቧራ ጋር ሲገናኝ ሞረድ ይሆናል። በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ የካምቢዮ ዘይት ጠብ ጠብ ተደርጎለት ትርፉ በጨርቅ የተጠረገ ካቴና ብዙ ይከርማል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት፣ ካቴናቸው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ሞተሮች ከአቧራው ይድናሉ፤ ዓይን ስለማያየው ግን ይበልጥ ይረሳል።

ይህ የሞተረኛው የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል ስሙን ያገኘው ሞተረኛው ከሚነሣባት ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ቃሉ የሚፈጸመው ደግሞ ባለሙያ፣ ክትባትና አልሚ ምግብ ቀበሌ ሲደርስ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ካቴናው መንገድ ላይ የተበጠሰበት ሞተረኛ ቆሞ ሰው ሲጠብቅ በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ታዋቂው የሞተር ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላና እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማን ሶማሊያ ሄደው ያዩት ይህንኑ ነው፤ ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተሮች በትንሽ ጥገና እጦት ተጥለው ነበር። ከዚያ ጉዞ በኋላ የተመሠረተው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የጤና ሠራተኞችን ዕለታዊ ፍተሻ አስተማረ፤ ነዳጅና ዘይት፣ ቅባት፣ ማስተካከል፣ ብሎንና ዳዶ። ካቴናን መለካት ከነዚሁ ውስጥ ነው።

በእኛም አገር በመሥሪያ ቤት ግቢ ጥግ ጎማቸው ተንፍሶ የቆሙ ሞተሮች ለማንም እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ ሞተር የሚያስረክብ መሥሪያ ቤትም ሆነ ፕሮጀክት ከቁልፉ ጋር መለዋወጫ ካቴና ከሁለቱ ጥርሶች ጋር፣ መፍቻዎችንና የግማሽ ቀን ሥልጠና አብሮ ይስጥ። ያለቀ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ማሰር ገንዘብ መጣል ስለሆነ ሦስቱ አብረው ይገዙ፤ ለዚህም በየዓመቱ በጀት ይያዝ። ሞተረኛውም ነገ ጠዋት ኬሻውን ከማሰሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ካቴናውን በጣቱ ይግፋው።