አብሾ፣ አይጧና እኛ ጋዜጠኞቹ

አብሾ የጠጣ ተማሪ ዳዊቱን ባንዴ ይሸመድዳል ሲባል ያልሰማ ሰው በዲፓርትመንታችን ያለ አይመስለኝም። ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ላደግን ልጆች ደግሞ የቡና ላይ ወሬ ነው። ዋሻው ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም የመጣ የቆሎ ተማሪ ቅኔ ከዘረፈ «አብሾ ቀምሷል» ይባላል፤ ጠላ ጠጥቶ ከተቆጣም «አብሾው ተነሣበት» ይባላል። ለሊቅነቱም ለእብደቱም አንድ ምክንያት ማለት ነው።

አሠራሩን የሚያውቁት ምሥጢሩን አያወጡም። ብዙ ሰው ግን ከአስተናግር ይሠራል ይላል። አስተናግር (አንዳንዱ አጤ ፋሪስ ይለዋል) በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ መለከት የመሰለ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ነው። በውስጡ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ስኮፖላሚን በዓለም ላብራቶሪዎች አይጦች እንዲረሱ ተብሎ የሚወጋ መድኃኒት ነው!

ሪቻርድ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው መሣሪያ አለ። መሣሪያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ክብ ገንዳ ነው። ውሃው ይደፈርሳል፣ ከውሃው በታች የማትታይ መቆሚያ ትቀመጣለች። አይጧ ስትዋኝ ስትዋኝ ታገኛታለች። በሚቀጥሉት ቀናት በክፍሉ ውስጥ ባሉ ምልክቶች እየተመራች ቶሎ ትደርሳለች። ስኮፖላሚን ከተወጋች ግን መንገዱ ይጠፋባታል።

እንግዲህ «የማስታወስ ችሎታን የሚጨምር ዕፅ ተገኘ» የሚል ዜና ስናነብ ብዙ ጊዜ ዕፁ የተሞከረው በስኮፖላሚን እንዲረሱ በተደረጉ አይጦች ላይ ነው። መርሳቱን ቀነሰ ማለትና ጤነኛውን ተማሪ ጎበዝ አደረገ ማለት እኮ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ማደንዘዣውም መጠየቅ አለበት። የአይጥ አንጎል ያለ ማደንዘዣ አይከፈትም፣ መከፈትም የለበትም። ግን ኬታሚንም ሆነ አይሶፍሉሬን ራሱ ትውስታን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ማደንዘዣውን ወስደው፣ ቆዳቸው ተከፍቶ የተሰፋ፣ አንጎላቸው ግን ያልተነካ አይጦችን ለማነጻጸሪያ ይይዛል። እነዚህ በዘገባው ከሌሉ የረሳችው በቀዶው ይሁን በማደንዘዣው በምን እናውቃለን?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ፍራይቡርግ ውስጥ ስኮፖላሚን ከሞርፊን ጋር ለሚያምጡ እናቶች ይሰጥ ነበር። ይጮኹ ነበር፤ ሲነቁ ግን ምጡን አያስታውሱትም። ታዲያ የጠፋው ሕመሙ ነው ወይስ ትዝታው? እናትየዋ እንኳ መመስከር ካልቻለች አይጧማ ምን ትበል።

ሥራው አገራችን የለም እንዳይባል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጫት ጭማቂ በአይጦች ላይ ስኪዞፍሬንያ መሰል ምልክቶች እንደሚያመጣ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ጫት ከተፈተነ አብሾ ለምን ይቀራል? ፈተና ሲደርስ «ትንሽ ብቀምስስ?» የሚል ተማሪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አስተናግር እኮ ያቃዣል፣ ልብን ያስሮጣል፣ ሲበዛም ይገድላል። ይህን የሚጽፍለት ጋዜጠኛ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ «የአባቶች ጥበብ» ብሎ የሚያደንቅለት ግን ሞልቷል።

አባቶችን ደፈርክ የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ግን የማውቀው የቆሎ ተማሪ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ፣ ብርዱ እያንሰፈሰፈው፣ ያችኑ ቃል ለዓመታት ሲደጋግም ነው። ያን ሁሉ ድካም ወስዶ ለአንድ ፍሬ የሚሰጠው ማን ነው ደፋሩ?