የጫጉላ ሽርሽር ወደ ብራዚል፤ ባልም ሚስትም ሊያውቁት የሚገባ

ለጫጉላ ሽርሽር ብራዚልን የመረጡ ሙሽሮች ወደ ሐኪም ሲመጡ የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ቢጫ ካርድ። ክትባቱን ይወጋሉ፣ ካርዱን ከፓስፖርታቸው ጋር ያስቀምጣሉ፣ የጤናው ጉዳይ በዚህ አለቀ ይባላል። በእኔ አስተያየት ለአዲስ ተጋቢዎች ዋናው የጤና ጥያቄ የሚነሳው ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ጥያቄው ደግሞ የሚስትን ያህል ባልንም ይመለከታል።

በቅርቡ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ገጥመውኛል። በሳኦ ፓውሎ በኩል አድርገው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ወደምትገኘው የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ሬሲፌ ሊሄዱ ነበር፤ ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በርካሽ የእንግዳ ማረፊያዎች እያደሩ፣ በአውቶቡስና በእግር ለሁለት ሳምንት። ሙሽራዋ ብቻዋን ገብታ ስለ ክትባት ስትጠይቀኝ ልጅ መቼ እንዳሰቡ ጠየቅኳት። «እንደተመለስን» አለች። ባሏ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይመለከት ነበር። እንዲገባ አስጠራሁት።

ሬሲፌ በሕክምናው ዓለም ስሟ የታወቀው በባሕሯ ውበት አይደለም። እ.ኤ.አ በ2015 የከተማዋ ሐኪሞች ጭንቅላታቸው ከመጠን በታች አንሶ የሚወለዱ ሕፃናት መብዛታቸውን አስተዋሉ። የከተማዋ ተመራማሪ ዶክተር ሴሊና ቱርቺና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት ችግሩ እናቶቹ በእርግዝና ወቅት ከተያዙበት የዚካ ቫይረስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ) ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ ብሎ አወጀ፤ አዋጁ በዚያው ዓመት ኅዳር ተነሳ። ያ ትልቅ ወረርሽኝ አልፏል። ቫይረሱ ግን ከብራዚል አልጠፋም፤ በአነስተኛ መጠን መተላለፉን ቀጥሏል።

ዚካን ለሙሽሮች የተለየ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ከተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያሳዩም። ሌሎቹ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የዓይን መቅላትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይሰማቸዋል፤ በሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል። ስለዚህ «አልታመምንም» ማለት «አልተያዝንም» ማለት አይደለም። ሁለተኛው፣ በሽታው ከትንኝ ሌላ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋል፤ ቫይረሱ ከደም ከጠፋ በኋላ በወንድ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ባል አንዴ ተነክሶ ምንም ሳይሰማው ወደ አገሩ ቢመለስ፣ ሚስቱ አዲስ አበባ ሆና ልትያዝ ትችላለች። የአዲስ አበባ ትንኝ እዚህ ውስጥ የለችበትም።

በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ከእንዲህ ያለ ቦታ የተመለሰ ወንድ ለሦስት ወር፣ ሴት ለሁለት ወር በኮንዶም እንዲጠቀሙ ወይም ከግንኙነት እንዲታቀቡ ይመክራል። አብራችሁ ከሄዳችሁ ረጅሙን ያዙ፤ ከተመለሳችሁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር። በጉዞው ላይም እንዲሁ።

ለሙሽሮች ስለ ኮንዶም ማውራት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእኛ አገር ኮንዶም በትዳር ውስጥ ሲነሳ የመተማመን ጥያቄ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ባልየውም ጉዳዩን ስነግረው ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። እዚህ ላይ ያለው ጉዳይ ግን የትንኝ ንክሻ እንጂ የታማኝነት አይደለም። የወሊድ መከላከያ ክኒን እርግዝናን ያዘገያል፣ ቫይረሱን ግን አያግድም። ክኒን የምትወስዱም ብትሆኑ፣ ሬሲፌ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች የምትውጡበትን ሰዓት አስቀድማችሁ አስሉ፤ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካጋጠመም ክኒኑ ላይሠራ ይችላል። የሦስት ወር መርፌን ለዚህ አጭር ጊዜ አልመክርም፤ ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። አማት «ምን አዲስ ነገር አለ?» ማለት ከጀመሩ ደግሞ ያ ጊዜ ይረዝማል።

ሦስቱን ወር በከንቱ አታሳልፏቸው። ልጅ የምታስብ ሴት ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ አለባት። የፅንሱ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ገደማ ነው፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ። በአገራችን ብዙዎቹ ፎሊክ አሲድ የሚጀምሩት ለእርግዝና ክትትል ሲመጡ ነው፤ ያኔ ቱቦው ተዘግቷል ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል።

ወደ ትንኟ ልመለስ። እኛ ትንኝን የምናውቃት በወባ ነው፤ ሲመሽ ትመጣለች፣ አጎበር እንዘረጋለን። ዚካን፣ ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕቲ ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። እግሮቿ ላይ ነጭ ቀለበት መሳይ መስመር አለ። የምትናከሰው ቀን ነው፤ ይበልጡን ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። የምትራባውም በረግረግ ሳይሆን ሰው ቤቱ ባጠራቀመው ውኃ፣ በበርሜል፣ በአበባ ማስቀመጫ፣ በተጣለ ጎማ ውስጥ ነው። የድሬዳዋ አንባቢዎቼ በደንብ ያውቋታል፤ እ.ኤ.አ በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን ያዛመተችው እሷ ናት።

ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ከተማ ለከተማ የሚዞር፣ ማታ ደግሞ አየር ማቀዝቀዣም የመስኮት ወንፊትም በሌለበት ርካሽ ክፍል የሚያድር መንገደኛ ለዚህች ትንኝ የተመቸ ነው። በበጀት መጓዝን አልነቅፍም፤ እኔም ወጣት ነኝ። ከማረፊያው ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምሮ ወንፊት ያለው ክፍል መያዝ ግን ከብዙ መድኃኒት ይሻላል። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለበትን የትንኝ መከላከያ ቅባት ግዙ፤ ቁርጭምጭሚታችሁን አትርሱ። መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያው፣ ከዚያ የትንኙ ይቀባል።

የሰርግ ወራታችንም አያግዘንም። በጥር ተጋብተው የሚሄዱ ሙሽሮች በሬሲፌና በጎረቤቷ ኦሊንዳ ለካርኒቫል ሰው በሚጨናነቅበት ሰሞን ይደርሳሉ፤ ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት ደግሞ በከተማዋ ዝናብ ጊዜ። የብራዚል የደንጊ ወቅትም በአመዛኙ እነዚህን ወራት ያካትታል። እ.ኤ.አ በ2024 ብቻ በአገሪቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ የደንጊ ተጠርጣሪ ታማሚዎች ተመዝግበዋል።

እዚያ እያላችሁ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና የአጥንት ቁርጥማት ከያዛችሁ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ፣ ፈሳሽ አብዙ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። አይቡፕሮፊን፣ አስፕሪንና እኛ ለሁሉም ሕመም የምንሮጥለት ዲክሎፌናክ በደንጊ ላይ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ትኩሳቱ ሲወርድ ተሻለኝ ብላችሁም አትዘናጉ፤ አደገኛው ጊዜ ያኔ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ካያችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ግቡ።

ስለ ቢጫ ካርዱም አንድ ነገር ልጨምር። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ከ2016 (እ.ኤ.አ) ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ የተከተበች ሴት ለአራት ሳምንት እንዳታረግዝ ይመከራል። ይህን ስንት ሙሽራ ተነግሯት ያውቃል? የጉዞ ክትባት የምንሰጥ ባለሙያዎች «በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ልጅ አስባችኋል?» የሚል አንድ ጥያቄ ብንጨምር፣ ጥንዶቹንም አንድ ላይ ብናስገባ ምንም ወጪ የለውም።

ባሕሩን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ፤ በሬሲፌው የቦዋ ቪያጄም ዳርቻ እ.ኤ.አ ከ1992 ጀምሮ ሻርክ ሰዎችን አጥቅቷል። በዳርቻው የተተከሉትን የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎች አክብሩ፤ ከአለታማው ግድብ ወዲያ አትዋኙ። በቢሾፍቱ መዋኛ ገንዳ የተለማመደ ሰው ውቅያኖስን አይደፍርም።

ሚስት ቀድሞውኑ ነፍሰ ጡር ከሆነች ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይሻላል። ሦስት ወሩ ሳይሞላ ካረገዘችም መደናገጥ አያስፈልግም፤ በእርግዝና ወቅት በቫይረሱ ከተያዙ እናቶች ከሚወለዱ ሕፃናት ችግሩ የሚታየው ከ5 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ለክትትል በሄደች ጊዜ ስለ ጉዞው ትናገር፤ የአልትራሳውንድ ምርመራዋ በዚያ መሠረት ይታቀዳል።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ቢጀምራችሁ ለሐኪሙ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ከብራዚል መጣን» ይሁን። ካልነገራችሁት የደማችሁ ናሙና ለወባና ለታይፎይድ ይላካል፤ የታይፎይድ መድኃኒት ተይዞ ወደ ቤት ይኬዳል። ባልም አብሮ ይምጣ፤ ትኩሳት ባይኖረውም።