ቴሌቪዥኑ ራሱን የሚያጠፋው ስለ ምንድር ነው?

በዚህ ዐምድ በየጊዜው ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ የምንነጋገረው በላብ የተገኘ ገንዘብ በዕውቀት ማነስ ምክንያት እንዳይባክን፣ የቤተ ሰብም ሰላም በትንሽ ነገር እንዳይናጋ በማሰብ ነው። የዛሬው ጉዳያችን «ስማርት» የሚባለው ቴሌቪዥን ነው። ይህ ዕቃ በቦሌና በገርጂ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ነገር ግን በጨዋታው መካከል ድንገት እየጠፋ፣ እንደገናም እየበራ ባለቤቶቹን ሲያስጨንቅ እንመለከታለን።

በምንኖርበት በሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ቤት በታች ባለው ፎቅ አንዲት አረጋዊት እናት ይኖራሉ። ጉልበታቸው ደክሞ ደረጃ መውረድ ስለ ተሳናቸው፣ የእሑድን ቅዳሴ የሚከታተሉት በውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው በገዛላቸው ቴሌቪዥን ነው። ባለፈው ዓመት ይኸው ቴሌቪዥን ይጠፋ ይበራ ጀመር። ቢጨንቃቸው አንድ ጠጋኝ አስጠሩ፤ እርሱም የኋላውን ክዳን እንኳ ሳይፈታ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ የአዲስ ቴሌቪዥን ግማሽ ያህል ዋጋ ጠየቃቸው። እኔን ባገኙኝ ጊዜ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«መምህር፣ ልጄ በብርድ አገር ለፍቶ የላከልኝን ዕቃ እንዳበላሸሁበት ምን ብዬ ልንገረው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ለመሆኑ የሚጠፋው መቼ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቀን አይመርጥም፤ ግን ረቡዕና ቅዳሜ ይብስበታል።»

እኔ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ፣ ንባብ የሳተውን ተማሪ ከመቅጣታቸው በፊት የሳተበትን ቃል ለይተው ያስነብቡት ነበር፤ በኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተማሩን መምህራን ከፍርድ በፊት መመልከትና መጻፍ እንዲቀድም ነግረውናል። ስለዚህ ለልጅ ልጃቸው አንድ ደብተር ሰጥቼ ለአንድ ሳምንት ሦስት ነገር እንድትጽፍ አዘዝኋት። አንደኛ፣ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፤ ሁለተኛ፣ አጠፋፉ እንዴት እንደ ነበረ፤ ሦስተኛ፣ በዚያ ሰዓት በቤቱ ውስጥ ሌላ ምን የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራ እንደ ነበረ።

ሳምንቱ ሲፈጸም ደብተሩን ብናነበው አንድ በሽታ የመሰለን ነገር ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ፈጽሞ ይጨልምና የፋብሪካው አርማ ብቅ ብሎ እንደ አዲስ ይነሣል። ሌላ ጊዜ ግን ቴሌቪዥኑ እንደ በራ ሳለ፣ ዩቲዩብ ብቻ ተዘግቶ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሳል። የመጀመሪያው የደረሰው ሁልጊዜ ረቡዕና ቅዳሜ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ነበረ። ሁለተኛው ግን የምጣዱን ቀን አይጠብቅም፤ የእሑዱን ቅዳሴ ያቋርጥ የነበረውም እርሱ ነው።

የሁለቱን ምክንያት ከመናገሬ በፊት፣ ስለ ዕቃው ጠባይ ጥቂት ልበል። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የቀድሞው ቴሌቪዥን ወፍራም፣ ከባድ፣ ከአየር የመጣለትን ብቻ ተቀብሎ የሚያሳይ ዕቃ ነበረ። ሥዕሉ ሲናወጥ ጎኑን በመዳፍ መምታት በየቤቱ የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ በውስጡ የላላ መገናኛ ካለም አንዳንድ ጊዜ ይሠራለት ነበር። የዛሬው ግን በውስጡ አእምሮ፣ ማኅደርና ሥርዐት ያለው ኮምፒዩተር ነው፤ አንዳንዱ በአንድሮይድ፣ የሳምሰንግ ሥራ የሆነው በታይዘን፣ የኤልጂ የሆነው በዌብ ኦኤስ ሥርዐት ይመራል። ቢመቱት ስስ መስተዋቱ ይሰነጠቃል እንጂ አይድንም።

ኮምፒዩተር ስለ ሆነም ምልክቱን አይቶ በሽታውን መለየት ይቻላል። አንድ አፕ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ጥፋቱ የዚያ አፕ ነው። ሁሉም አፖች ተራ በተራ የሚዘጉ ከሆነ ማኅደሩ ሞልቷል፣ ወይም ሥርዐቱ አርጅቷል። ሥዕሉ ቆሞ በመካከሉ ትንሽ ክብ የሚዞር ከሆነ የኢንተርኔቱ መስመር ደክሟል እንጂ ዕቃው አልታመመም። ድምፁ እየተሰማ ሥዕሉ ብቻ የጨለመ እንደ ሆነ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ወደ መስተዋቱ አስጠግቶ ማብራት ነው፤ ሥዕሉ ደብዝዞ ከታየ የሞተው ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው። ሁለመናው ጠፍቶ በአርማው የሚነሣ ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን መንገድ መመርመር ይገባል።

በእማማ ቤት ያደረግነውም ይህንኑ ነው። ወጥ ቤቱ ጠባብ ስለ ሆነ ምጣዱ የሚሠራው በሳሎኑ አጠገብ ነበረ፤ ኤክስቴንሽን በሚባለው አንድ የገመድ ማከፋፈያም ምጣዱም ቴሌቪዥኑም ተሰክተውበት ነበር። እዚህ ላይ ሒሳቡን እንመልከት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይበላል፤ ይህም በአገራችን የ220 ቮልት መስመር ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ብዙዎቹ ማከፋፈያዎች ግን የተሠሩት 10 ወይም 13 አምፔር እንዲሸከሙ ነው። 43 ኢንች የሆነ ቴሌቪዥን የሚፈልገው ግማሽ አምፔር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የበሬ ሸክም በአህያ ላይ ተጭኖ ነበር ማለት ነው።

ማከፋፈያውን ከግድግዳው ነቅለን ብናገላብጠው፣ ምጣዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ጠቁሮ ፕላስቲኩ መቅለጥ ጀምሮ አገኘነው። ውስጡ ያሉት የመዳብ ምላሶች በግለት ላልተው ስለ ነበር፣ መገናኛው ለቅጽበት በተቋረጠ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ ሲገናኝ ደግሞ ይነሣል። ምጣዱ ግን ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ መቋረጡ አይታወቅበትም ነበር። እኛ ቴሌቪዥኑን ስንከስ እርሱ በቤቱ ውስጥ እሳት ሊነሣ እንደ ተቃረበ ያስጠነቅቀን ነበር። ቦርዱ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም በከነ፣ አደጋውም በቦታው በቀረ ነበር። በዚያው ቀን ማከፋፈያው ተጣለ፤ ለምጣዱም ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከቆጣሪው የሚነሣ ወፍራም ገመድ ለብቻው ዘረጋለት። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ምጣድ በማከፋፈያ ተሰክቶ የሚሠራበት ቤት ካለህ፣ ቴሌቪዥንህ ቢጠፋም ባይጠፋም ዛሬውኑ ንቀለው።

የሁለተኛው በሽታ መድኃኒት ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ነው። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች ማኅደራቸው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከዚያም አብዛኛውን ሥርዐቱ ራሱ ይይዘዋል። የልጅ ልጆቹ ጨዋታ በጨዋታ ላይ ስለ ጫኑበት ዩቲዩብ የሚሠራበት ስፍራ አጥቶ ነበር። ለዚህ የሚደረገው በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ በእውነት ማጥፋት ነው። በሪሞት ስናጠፋው ቀይ መብራቱ እንደ በራ ይቀራል፤ ይህም እንቅልፍ እንጂ ዕረፍት አይደለም። ስለዚህ ሶኬቱን ከግድግዳ ነቅሎ ሁለት ደቂቃ ያህል መጠበቅና መልሶ መሰካት ያስፈልጋል። ከዚህ በቀር ምንም ሳይደረግለት የሚድን ብዙ ነው።

ቀጥሎ ሴቲንግ ከሚለው ገጽ ገብቶ አፕስ የሚለውን መክፈት፣ የማይፈለጉትን መሰረዝ፣ የሚያስቸግረውንም አፕ ካሽ የሚባለውን ጊዜያዊ ክምችት ማጽዳት ነው። ይህ ባይበቃ አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ይገባል። ከዚያም የቴሌቪዥኑ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን መመልከት ነው፤ ሰዓቱ የተዛባ እንደ ሆነ ብዙ አፖች ከኢንተርኔቱ ጋር መገናኘት እንቢ ይላሉና። ቀጥሎም ፋብሪካው የላከው አዲስ ማሻሻያ ካለ መጫን ይገባል፤ ማሻሻያው ሲጫን ግን መብራት እንዳይቋረጥ መጠንቀቅ ነው፤ በመካከል ከተቋረጠ ዕቃው ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልዳነ፣ በጀርባው የተሰካውን ሁሉ፣ ፍላሹንም የዲሽ ሪሲቨሩንም ነቅሎ ቴሌቪዥኑን ለብቻው አንድ ሰዓት ማሠራት ነው። ለብቻው ከጸና አንድ በአንድ እየመለሱ ሲሰኩ በደለኛው ራሱን ይገልጣል፤ ሁሉንም በአንድነት የመለሰ ሰው ግን የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም። የመጨረሻው እርምጃ ዕቃው ከፋብሪካ እንደ ወጣ እንዲሆን መመለስ ነው። ይህም አፖችንና የይለፍ ቃሎችን ሁሉ ስለሚደመስስ አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ መያዝ ይገባል።

ስለ ሙቀትና ስለ መብራትም አንድ ቃል ልጨምር። የቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ከግድግዳ ጋር ካጣበቁት ወይም ጥልፍ ዳንቴል ካለበሱት ይታፈናል። ሞቆ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። መብራት በሄደ ጊዜም ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ መሰካት መልካም ነው፤ መብራት ሲመለስ ኀይሉ ለጊዜው ከልክ በላይ ሊወጣ ይችላልና።

ይህን ሁሉ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ያን ጊዜ ባለሙያ ይጥራ። የኋላውን ክዳን ግን ራሱ አይፍታ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም እንኳ በውስጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ባለሙያው ሲመጣ ደብተሩን ያሳየው፤ «ምኑ ተበላሽቶ ነው? በምን መሣሪያ ለክተህ ዐወቅህ?» ብሎም በትሕትና ይጠይቀው፤ የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ ይረከብ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ እንዲያውም ሥራው ይቀልለታል። ጠጋኞችን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም፤ ባለቤቱ «ይጠፋል» ከማለት በቀር ሌላ የሚነግረው ነገር ሲያጣ፣ ጠጋኙም በግምት ለመናገር ይገደዳልና።

እማማ በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ተከታተሉ። ማታም ለልጃቸው ደውለው የሆነውን ሁሉ ነገሩት፤ ነገር ግን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ስለ ጠቆረው ማከፋፈያ አብዝተው አወሩለት። ደብተሩን የልጅ ልጃቸው እስካሁን አልጣለችውም፤ በሽፋኑ ላይ «የቤታችን ዕቃ ሕመም» ብላ ጽፋበት፣ አሁን ደግሞ የማቀዝቀዣውን ትከታተልበታለች።