«አክራሪ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

«አክራሪ» የሚለውን ቃል ከመገናኛ ብዙሃን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ያለ አይመስለንም። አማርኛው ጥንታዊ ነው፤ ክር ሲጠመዘዝና ሲጠብቅ ከረረ ይባላል፤ ፀሐይም ይከራል፣ ፀብም ይከራል። በሃይማኖት ላይ ሲለጠፍ ግን ብዙ ጊዜ «ፈንዳሜንታሊስት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለመተርጎም ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ ከመስጂድ አልወጣም። እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1915 አሜሪካ ውስጥ «ዘ ፈንዳሜንታልስ» የተሰኙ 12 ጥራዞች ታትመው በነፃ ታደሉ። ገንዘቡን ያወጡት የካሊፎርኒያው የነዳጅ ባለሀብት ላይማን ስቱዋርትና ወንድማቸው ሲሆኑ፣ ዓላማውም የፕሮቴስታንት እምነትን መሠረቶች ከለዘብተኛ የሃይማኖት ምሁራን መከላከል ነበር። በ1920 ከርቲስ ሊ ሎውስ የተባሉ የባፕቲስት ጋዜጣ አዘጋጅ ለእነዚህ መሠረቶች ለሚታገሉት «ፈንዳሜንታሊስት» የሚል ስም አወጡ። ስሙ ስድብ አልነበረም፤ ራሳቸው ወደውና ፈቅደው ተጠሩበት። በ1925 አንድ የቴነሲ መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተምረሃል ተብሎ ከተከሰሰበት ዝነኛ ችሎት በኋላ ግን የኋላ ቀርነት መጠሪያ እየሆነ ሄደ። ከ1979ኙ የኢራን አብዮት ወዲህ ደግሞ በዋናነት ለሙስሊሞች ተሰጠ።

ዐረብኛ ጋዜጦች ቃሉን «ኡሱሊያ» ብለው ተረጎሙት። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ኡሱሉል ፊቅህን የቀራ ደረሳ እንደሚያውቀው፣ በዲን ትምህርት «ኡሱሊይ» ማለት ሕግ ከማስረጃው እንዴት እንደሚወጣ የተካነ ዓሊም ነው። በትርጉም ምክንያት የዓሊሞች ማዕረግ የክስ ቃል ሆኖ አረፈው!

እኛ ዘንድ ክሱ ከቃላት አልፏል። በ2004 የድምፃችን ይሰማ ጥያቄ ሲነሳ የመንግሥት መልስ «አክራሪነት» ነበር፤ በ2005 «ጂሃዳዊ ሀረካት» በቴሌቪዥን የቀረበው ተከሳሾቹ ገና ፍርድ ሳያገኙ ነው። ሰው የገደለ ገዳይ፣ መስጂድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለ አቃጣይ ይባላል፤ ለእነዚህ ሕጉ ስም አላጣም። «አክራሪ» ግን ምን ያደረገ ሰው ነው? ተከሳሹ ድርጊቱ ካልተነገረው በምን ይከላከላል?

ይበልጥ የሚያሳዝነን እኛው ራሳችን የምንወራወረው መሆኑ ነው። ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያደረገ ወጣት ገና ሰላምታ ሳያቀርብ፣ ከጎኑ የሰገደው ወንድሙ በዚሁ ቃል ይጠራዋል። ያንን ቃል ነገ ሌላው ሰው ሁለቱንም ይጠራበታል።