ተበትኖ የሚመጣው መኪና ይሻለናል

በሳይንስ ክበባችን ውስጥ ሰሞኑን የተነሣው ክርክር ወደ ምግብ አዳራሹም ወደ መኝታ ቤቱም ስለ ተዛመተ፣ እኛም የክበቡ አባላት የሆንን የሁለተኛ ዓመት እጩ መምህራን አሳባችንን በዚህች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ማስፈር ወደድን። ነገሩ እንዲህ ነው። ክበቡ ከአባላት መዋጮና ባለፈው ሴሚስተር ካሳየነው ቴአትር መግቢያ ያጠራቀመው ገንዘብ አለ። በዚህ ገንዘብ በሬድዮ የሚታዘዝና ድንጋይ ላይ የሚወጣ አነስተኛ መኪና ተገዝቶ ለፊዚክስ ማስተማሪያ ይዋል የሚለው አሳብ በአብላጫ ድምፅ አልፏል። የቀረው ጥያቄ፣ ተገጣጥሞ ያለቀለት ይምጣ ወይስ ዕቃው ተበትኖ በካርቶን ይምጣና እኛው እንግጠመው የሚለው ነው። እኛ ተበትኖ ይምጣ ባዮች ነን።

ስለ ዕቃው ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንበል። ፈረንጆቹ ሮክ ክራውለር ይሉታል፤ እኛ በክበቡ ውስጥ “ድንጋይ ወጪ” ብለን ሰይመነዋል። ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ተደርጎ የሚሠራ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በአራቱም ጎማ ይነዳል። ሻንሲ፣ ካምቢዮ፣ አክስል፣ አሞርዛተር፣ ሁሉ ነገር አለው። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1985 የቶዮታ ፒክአፕ አምሳያ የሆነውን ብሩዘርን ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮና ባለ ባሌስትራ አድርጎ፣ ገዢው ራሱ እንዲገጥመው በትኖ ሸጦታል። ኋላ በአሜሪካ እንደ አክሲያልና ትራክሳስ ያሉት ድርጅቶች ሥራውን አስፋፉት። እንግዲህ ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም፣ የሕፃን መጫወቻ ብቻም አይደለም።

ተገጣጥሞ ያለቀለት ይምጣ የሚሉት ጓደኞቻችን ምክንያት አላቸው። ካርቶኑ በተከፈተበት ቀን ይነዳል፤ ብሎን አይጠፋም፤ ጊዜ አይባክንም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን አምና ለክበቡ በስጦታ የመጣውን ተገጣጥሞ ያለቀለት መኪና ያስታውሷል? ከየትኛው ፋብሪካ እንደ ወጣ አንናገርም። በሦስተኛው ቀን መሪው እምቢ አለ። እንክፈተው ብንል አካሉ በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ አንድ ዳዶ እንኳ አይታይበትም። ዛሬ በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆሞ ጎብኚ ሲመጣ ይታያል። ይኸ ማስተማሪያ ነው ወይስ ሐውልት? እርግጥ ተገጣጥመው ከሚሸጡትም ውስጥ በብሎን የሚፈቱ ደህና ዕቃዎች አሉ። ቢሆንም የሚነዳ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው በገዛ እጁ ይፈታዋል ብሎ ማሰብ ሰውን አለማወቅ ነው። ሁሉም መንዳት ይፈልጋል እኮ!

ሌሎች ደግሞ “ሁላችንም በልጅነታችን ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርተን የለም እንዴ፣ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?” ይሉናል። ይህን ክርክር አንንቀውም። የሽቦ መኪና ረጅሙን መሪ ይዞ የሮጠ ልጅ፣ መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ እንዴት አብረው እንደሚዞሩ ከመጽሐፍ በፊት ያውቃል። ነገር ግን የሽቦ መኪና ልጁ ሲገፋው ነው የሚሄደው። ሞተር የለውም፤ ጥርስ የለውም። እኛ ደግሞ በመልመጃ ማስተማር ስንወጣ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረን ያው ነው፣ ፍጥነትና ጉልበት እንዴት እንደሚለዋወጡ ማስረዳት። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ክብ ሥለን “ትልቁ ዝግ ይላል፣ ትንሹ ይፈጥናል” እንላለን፤ ልጆቹም ጽፈው ይይዙታል። ገብቷቸው ነው ለማለት ግን አንደፍርም።

በድንጋይ ወጪው እንየው። ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ይዞራል እንበል። በሞተሩ ጫፍ ያለው ትንሹ መዘውር 14 ጥርስ፣ እሱ የሚያዞረው ትልቁ 56 ጥርስ ቢኖረው 4 ለ 1 ሆነ። ካምቢዮው ውስጥ እንደገና 2.5 ለ 1፣ አክስሉ ላይ ደግሞ 3 ለ 1 ቢቀነስ፣ ሲባዛ 30 ለ 1 ይመጣል። ስለዚህ ጎማው በደቂቃ 200 ጊዜ ብቻ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዲያሜትር 11 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ ዙር 34.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በደቂቃ 69 ሜትር፣ በሰዓት 4.1 ኪሎ ሜትር። ይኸ ገበያ የሚሄድ ሰው እርምጃ ነው። በፍጥነት ያጣነውን ግን በጉልበት አገኘነው፤ በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር ሞተሩ 30 እጥፍ ጉልበት ለጎማው ይሰጣል። አሁን ተማሪው ራሱ ባለ 14 ጥርሱን ፈትቶ ባለ 28 ይግጠም። መኪናው እጥፍ ይፈጥናል፤ ቅድም የወጣው ድንጋይ ሥር ሲደርስ ግን ያቃስትና ሊቆም ይችላል። ይህን ያየ ልጅ ቀመሩን ማን ያስረሳዋል?

የዲፈረንሻልም ነገር አለ። ክረምት ላይ ወደ አገር ቤት የተጓዘ ሁሉ አይቶታል፤ አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ሲገባ አንደኛው የኋላ ጎማ ብቻውን ጭቃ እየረጨ ይሽከረከራል፤ ደረቅ ላይ ያለው ባልደረባው ዝም ብሎ ቆሞ ያያል። ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፣ ሾፌሩ ይሳደባል፣ ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ፣ ዲፈረንሻል መኪናው ሲታጠፍ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ስለሚፈቅድ፣ አንዱ መያዣ ሲያጣ ዙሩ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። በብዙ ድንጋይ ወጪዎች ላይ ይህ ነገር የለም፤ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ተቆልፎ እኩል ይዞራል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠል እንኳ ሌላው መጎተቱን አይተውም። በምትኩ መኪናው በጠባብ ቦታ መታጠፍ ይከብደዋል፤ ጎማውም መሬቱን ይፍቃል። ትራክሳስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ቲ አር ኤክስ 4 ዲፈረንሻሉን ከሩቅ በሬድዮ መቆለፍና መክፈት ያስችላል፤ በየጎማው እምብርት ላይም ተጨማሪ ጥርስ ስላለው አክስሉ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ድንጋዩን ይዘለዋል። የሚያስቀና ዕቃ ነው። ነገር ግን የእኛ ምርጫ እሱ አይደለም። ለጀማሪ እጅ ብዙ ነገር ያለበት ዕቃ፣ ሲበላሽ የትኛው እንደ ተበላሸ አይታወቅም።

እንግዲህ የትኛው ይገዛ? እኛ የምንመርጠው ባለ አንድ ማርሽ፣ ፊትና ኋላው ባለ ወጥ አክስል፣ ዲፈረንሻል የሌለው፣ መደበኛውን 540 የሚባል ባለ ብሩሽ ሞተር የሚቀበል ነው። የሞተሩ መጠምጠሚያ ዙር የበዛ ይሁን፤ ባለ 55 ዙሩ ከባለ 35ቱ ዝግ ይላል፣ ድንጋይ ላይ ግን ረጋ ብሎ ይታዘዛል። ብሎኖቹ ባብዛኛው የ3 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ከከተማም አይጠፉም። አንድ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ተበትኖ በሚመጣው ካርቶን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሞተር፣ ባትሪ፣ ሬድዮና መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ አይገኙም። ለብቻ ይገዛሉ። ሒሳብ ያዦቻችን የካርቶኑን ዋጋ ብቻ አይተው “ረከሰ” እንዳይሉ ከወዲሁ እንነግራቸዋለን። ሰርቮው ጥርሱ ብረት የሆነ ይሁን፤ የፕላስቲኩ ጎማው በድንጋይ መሐል ሲያዝ ይረግፋል።

በባትሪው ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ጋር አልተስማማንም። እነሱ ሊቲየም ፖሊመር ይሁን ይላሉ፤ ቀላልና ኃይለኛ ነውና። እኛ ግን መኝታ ቤት ውስጥ ባትሪ ሰክቶ ጥናት የሚሄድ ሰው ስለምናውቅ፣ ባለ 7.2 ቮልቱ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይበቃል እንላለን። ሊቲየሙ ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይም ሲጎዳ ያብጣል፣ እሳትም ያስነሣል። ክብደቱ ደግሞ ለእኛ ጉዳት አይደለም። ባትሪው ዝቅ ተደርጎ ወደ ፊት ቢቀመጥ መኪናው ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ይረዳል፤ ይህም የክብደት ማዕከል ትምህርት መሆኑን ማንም ያየዋል።

ስለ ቀለሙ ብዙ ክርክር ሰማን፤ አረንጓዴ ይሁን፣ ቀይ ይሁን። የፈለጋችሁት ይሁን። ብቻ የላይኛው አካል ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከሆነ ቀለሙ የሚቀባው ከውስጥ በኩል መሆኑን አትርሱ፤ ከውጭ ከተቀባ ድንጋዩ በአንድ ቀን ይልጠዋል።

አገጣጠሙን በሚመለከት የፊዚክስ መምህራችን “ከስብሰባ ብዛት ግማሹ ብሎን ይጠፋል” ብለው ቀልደውብናል። ቀልዳቸው እውነት እንዳይሆን፣ ሥራው በነጭ አንሶላ ላይ፣ ከአራት በማይበልጡ ሰዎች ተራ በተራ ይሠራ። ብረት ከብረት የሚገባበት ብሎን ላይ ማጣበቂያ ጠብ ይደረግ፤ ፕላስቲክ ላይ ግን አይደረግም። ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር የሚያንገራግር ከሆነ ወደ ፊት አይታለፍ። አሞርዛተሩ ውስጥ ዘይት ሲሞላ የአየር አረፋ እስኪወጣ መታገሥ ያስፈልጋል። ደግሞ ቁልፉን ወንዶቹ ብቻ ይዘው ሴቶቹ መመሪያውን ሲያነቡላቸው እንዳናይ። በሽቦ መኪናው ዘመን ያየነው ይበቃል።

ዋናው ጭቅጭቃችን ግን ከግዢው በኋላ ባለው ላይ ነው። የክበቡ ኮሚቴ መኪናው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ እንዳይበላሽ በቁም ሣጥኑ ይቆለፍበት የሚል አሳብ እንዳለው ሰምተናል። እኛ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ላይ እስከ መጨረሻው ብሎን ተፈትቶ፣ አዲስ የሚገቡት ሠልጣኞች እንደገና ይግጠሙት ነው የምንለው። በሚቀጥለው ዓመት በየገጠሩ ተበትነን የምናስተምረው እኛ ነን፤ በዚያ ቁም ሣጥን የለም፣ መኪናም የለም፤ በእጃችን የቀረው ይዘነው የምንሄደው ነው። ይበላሻል የሚል ካለ፣ አዎን፣ ይበላሻል። ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ ይቀመጥ፣ ለጥርሱና ለሰርቮው በተለይ።

ድምፅ የሚሰጠው በፊታችን ዓርብ ከምሳ በኋላ በላቦራቶሪው ነው። ዕቃውን ከውጭ ይዘው የሚመጡት የአንድ መምህራችን ወንድም ከመነሣታቸው በፊት ውሳኔው ሊደርሳቸው ይገባል። ሊቲየሙ ካሸነፈም፣ ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን የሚያዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አለመሆኑ አብሮ ይነገራቸው።